ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር

ሰውዬው የሞተው በተቀመጠበት ነበር። ግንባሩን በተከፈተ ካርድ ላይ አሳርፎ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሻይ ቴርሞሱ ዘርግቶ፣ መነጽሩ በአንድ ጆሮው ብቻ ተንጠልጥሎ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሸለብ ያደረገው መስሏት ሁለት ጊዜ በእግሩ ዙሪያ ወልውላ አለፈች። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በሥራው ላይ ሸለብ አድርጎ እንደማያውቅ ትዝ ያላት በሦስተኛው ነው፤ ያኔ ጮኸች።

መርማሪዋ ስትደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ምድር ቤቱ ለመውረድ በሆስፒታሉ ትልቅ አዳራሽ ማለፍ ግድ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ጉድ ፈልቷል። የግድግዳው ቀለም ገና እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አበባው ከነላስቲኩ ነው፣ አንድ ደርዘን ሰው ወንበር ያስተካክላል፣ ሌላ አንድ ደርዘን ሰው የተስተካከለውን መልሶ ያስተካክላል። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ «ከአሥር የደም ካንሰር ሕሙማን ለዘጠኙ ጋብ ብሎላቸዋል» ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች መጥተው ለሆስፒታሉ የምስክር ወረቀት ሊሰጡ ነው። መርማሪዋ ጨርቁን አንብባ ከንፈሯን ሸርመም አደረገች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ፣ በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከመድረክ በላይ የተሰቀለ ነገር እውነት ሆኖ አግኝታው አታውቅም።

ምድር ቤቱ ሌላ ዓለም ነው። የጣሪያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል፤ ከባልዲው አጠገብ የስንቱ ሰው ሕመም የተጻፈበት ካርድ እስከ ላይ ተደርድሯል። ላይ ቤት ሁለት ሰዓት ለሚቆይ እንግዳ ስንት ሲደከም፣ እዚህ ለቧንቧው አንድ ሠራተኛ የሚጠራ ጠፍቷል።

በሩ ላይ የካርድና ኮዲንግ ክፍሉ ኃላፊ ቆሟል። ሙሉ ልብስ፣ ቀይ ክራባት፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ከሰውዬው ቀድሞ የሚታይ ባጅ።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን ደህና መጡ። አሳዛኝ ነገር ነው፤ ግን ግልጽ ነው። ምስኪኑ ራሱን ነው ያጠፋው።»

«ገና ቦርሳዬን አላስቀመጥኩም እኮ» አለች መርማሪዋ።

«ጊዜዎን ላለማባከን ብዬ ነው። እኔ እንኳ ተደውሎልኝ ቁርሴን ትቼ ነው የመጣሁት፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ። ይኸው፣ መሳቢያው ውስጥ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ። ካርዱን ደግሞ ይዩት፤ የራሱ ካርድ ነው።»

ብልቃጧ ትንሽ ናት፤ ጽሑፏ ተልጧል። መርማሪዋ ካርዱን ከሟቹ ግንባር ሥር ቀስ ብላ ሳበችው። ከሦስት ቀን በፊት የታየበት የተመላላሽ ሕክምና ነው። የሐኪሙ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ድካም። አጣዳፊ ሉኪሚያ ሳይሆን አይቀርም። ደም ይደገም።» ከካርዱ ጋር በተያያዘው የኮድ ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ፊደል፣ ጥቂት ቁጥሮች፣ ነጥብ፣ ሁለት ዜሮ፤ ከሥሩ የሟቹ ማኅተም።

«ይህ ምንድን ነው የሚለው?»

«የሰውዬው ሥራ ነው» አለ ኃላፊው። «ኮደር ነበር። ሐኪም የጻፈውን በሽታ እያነበበ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር አጣዳፊ ሉኪሚያ ነው፤ ክፉው የደም ካንሰር። ከነጥቡ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ቁጥር ደግሞ ሁኔታውን ትናገራለች። ዜሮ ከሆነች ገና አልበረደም ማለት ነው። አንድ ከሆነች ጋብ ብሏል። ሁለት ከሆነች አገርሽቷል። አዩ? የራሱን ሞት በራሱ እጅ ኮድ አድርጎ፣ መድኃኒቱን በሻዩ ጠጣ። ቁጥር ለጣፊ ነበር፤ እንደ ቁጥር ለጣፊ ሞተ።»

«እርስዎም ይህን ሥራ ይችሉታል?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ዘጠኝ የምስክር ወረቀት አለኝ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ያገኟቸዋል።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሌሎች ካርዶች አምስት ስድስት አንስታ ገለበጠች። የኮድ ወረቀቱን ጀርባ በጣቷ ዳበሰች። በእያንዳንዱ ላይ ነጥቡ ወረቀቱን በስቶ ወጥቷል፤ ሟቹ እስክሪብቶውን ሲጫን ሚስማር የሚመታ ይመስል ነበር። በሠራተኛው ሁሉ ዘንድ ጋሽ ነጥብ የተባለውም በዚሁ ነው። ከዚያ የራሱን ካርድ ገልብጣ ዳበሰች። ጀርባው ለስላሳ ነበር። ካርዱን መልሳ አስቀመጠችው።

የሟቹ እህት ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጣለች። ታላቁ ናት፤ አላገባችም፣ እሱም አላገባም፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል።

«ወንድሜ ራሱን አላጠፋም» አለች፣ መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ።

«ሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ይላል፣ እትዬ።»

«ሁሉም ይበል። እኔ ትናንት ማታ አብሬው ተቀምጬ ነበር። ራት እንቢ አለኝ። ምነው ስለው፣ ‹አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ ቁጥር ሊገድሏት ነው፤ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ካላስቆምኩት አለቀላት› አለ። ነገ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ሰው ዛሬ ይሞታል?»

«ሻዩን ማን አፈላለት?»

«ማን ሊያፈላለት ኖሯል? እኔ ነኛ!» ካለች በኋላ ነገሩ ገባት፤ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። «እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

«ሁሉንም ነው። ለማንም አላዳላም።»

«ደግ አደረግሽ። ብቻ መሀል መንገድ ላይ እንዳታቆሚ።»

«ስለ ሕመሙ ነግሮዎት ነበር?»

«ድካም ድካም ሲለው ሐኪም ዘንድ የላክሁት እኔ ነኝ። ‹ተጠራጥረዋል፣ የተደገመው ደም ውጤት ነገ ይመጣል› አለኝ። እኔ ሳለቅስ እሱ ይስቃል። ‹ሲረጋገጥ እናለቅሳለን፤ ያልተረጋገጠ ነገር አይጻፍም› አለኝ።» ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እንባዋ ግን አልመጣም፤ ንዴቷ ቀድሞታል።

የደም ሐኪሙ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙ መስታወት ፊት ቆሞ ክራባት ይመርጣል፤ መርማሪዋን በመስታወቱ ውስጥ አይቶ በመስታወቱ ውስጥ ሰላም አላት።

«ሰምቻለሁ። ያሳዝናል። ከሱ ጋር ግን ብዙ ትውውቅ አልነበረንም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነጫጭ ወረቀቶች ተከምረዋል።

«የሱ ጥያቄዎች! መቶ ሃያ አራት ናቸው፤ በሦስት ወር ውስጥ። እስቲ ይህቺን ይስሙ።» አንዷን አንስቶ ድምፁን እንደ ሽማግሌ እያንቀጠቀጠ አነበበ። «‹ዶክተር፣ ይህቺ ሴት ተመላላሽ ናት። ሳይሆን አይቀርም ብለው የጠረጠሩትን በሽታ ልጽፍባት አልችልም። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ።› ለእኔ! የማውቀውን እንድጽፍ!»

«ይጠሉት ነበር ማለት ነው።»

«መጥላት? ሰው ዝንብ ይጠላል እንዴ? እሽ ይላል እንጂ።»

«ዝንቡ ሞቷል፣ ዶክተር። ልብስ ሰፊዋስ እንዴት ናት?»

«የትኛዋ ልብስ ሰፊ?»

«እርስዎ ክፍል የተኛች ልብስ ሰፊ ስንት አለች?»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ ዞረ። «አልጋ ስድስት። አገርሽቶባታል፤ የመቅኔ ምርመራዋ ባለፈው ሳምንት ደርሷል። ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ከሚላኩት ውስጥ ናት። ዝርዝሩን ስድስት ሰዓት ላይ በእንግዶቹ ፊት እፈርማለሁ።»

«ስሟ መኖሩን አይተዋል?»

«ዝርዝሩ ከኮዱ ተለቅሞ የሚወጣ ነው፤ አገርሽቷል የሚል ኮድ ያለው ሁሉ ይገባል። እኔ መፈረም ብቻ ነው።»

«ስንት ስም ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ስም ለማንበብ ክራባት ከመምረጥ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ሻዩን ለምርመራ የላከችለት የላብራቶሪ ባለሙያ ደረጃው ላይ አገኛት። ሻዩ ውስጥ የነበረው የልብ ጠብታ፣ የልብ ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት ነው፤ እዚህ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ደም በየቀኑ ለዚሁ መድኃኒት ስለሚለካ ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። በአንድ ስኒ ሻይ የሁለት ሳምንት መጠን ገብቷል። «ሌላ የሟቹ ውጤት አለ መሰለኝ፤ ከሦስት ቀን በፊት የተቀዳ ደም» አለችው። «ከስድስት ሰዓት በፊት አደርሰዋለሁ» አላት።

ከጋሽ ነጥብ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትሠራ የኖረችው ኮደር አርባ ዓመት ያለፋት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ዛሬ ግን ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ተጣልታችኋል ይባላል» አለች መርማሪዋ።

«ማን ነው ያለው? ባለ ክራባቱ? እኔና ጋሽ ነጥብ ያልተጣላንበት ቀን የለም። ስለ ሥራ ነዋ! እሱ ሲያርመኝ እጮሃለሁ፤ ከዚያ አስተካክላለሁ። አንድ ቀን የእናቱ ካርድ ደረሰው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታመው ነበር። ካርዱን ሳይከፍት በጀርባው ገልብጦ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆመ። እስክጨርስ አልገባም።»

«ኃላፊያችሁስ ጎበዝ ኮደር ነው?»

«እሱ?» ሴትዮዋ በእንባዋ መሀል ሳቋ አመለጣት። «እሱ ይፈርማል።»

«ማኅተሙ የት ነው የሚቀመጠው?»

«መሳቢያ ውስጥ። አይቆለፍም። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይገባና፣ ቴርሞሱን አስቀምጦ ካርድ ለመሰብሰብ ወደ ላይ ይወጣል። በሩም አይቆለፍም።»

መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ የጥያቄ ወረቀቶቹን ጥራዝ አነሳች። የመጨረሻው ገጽ ሥሩ ድረስ ተገንጥሏል።

«ይህ ለምን ተቀደደ?»

ኮደሯ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። «ሰማያዊው መቅረት ነበረበት። ጥያቄ በሦስት ቅጂ ነው የሚጻፈው። ነጩ ለተጠየቀው ሰው ይሄዳል፣ ሰማያዊው እዚሁ ይቀራል፣ ቢጫው ደግሞ በበሽተኛው ካርድ ውስጥ ይገባል። ሰማያዊውን ማን ነው የሚቀድደው? አብዷል?»

«እኔም ይኼንኑ ነው የምጠይቀው» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ላይም ወጣች።

አልጋ ስድስት ላይ ያለችው ሴት ፀጉሯ የለም፤ ጣቶቿ ግን አሉ። ትራስ ተደግፋ የአንዲት ነርስ ጋወን ቁልፍ እየተከለች ነው። የጋሽ ነጥብ ኮት ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ አዲስ ቁልፍ መኖሩ መርማሪዋን ትዝ አላት።

«ሽማግሌው ዛሬ አልመጡም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አልመጡም።» መርማሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ካርድሽን ልየው?»

«እዩት። ትናንት ሲመጡ ቢጫ ወረቀት ከተውበት ‹ይህቺን ማንም እንዳያወጣት› አሉኝ። እኔም ትራሴ ሥር አድርጌው ነው ያደርኩት።»

መርማሪዋ ቢጫዋን ወረቀት አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ አጣጥፋም ኪሷ ከተተቻት።

«ዝርዝሩ ላይ አለሁ አይደል?» አለች ሴትዮዋ፣ መርፌዋን ሳታቆም። «ልጆቼን ለእህቴ ሰጥቼ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወጥታ በፋርማሲው አለፈች። ሌሊትና ቀን የሚሠራ ፋርማሲ ስለሆነ መዝገቡ ሰዓት ይጽፋል። ሁለት መስመር ወደ ማስታወሻዋ ገለበጠች። የኃላፊውንም ቢሮ በር ገፋ አድርጋ አየች፤ ዘጠኙ የምስክር ወረቀቶች በወርቅ ፍሬም ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ እስከ አንገቷ የሞላች የመድኃኒት ብልቃጥ አለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አራቱን በዚያው ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል፣ ሐኪሙ ግድግዳው ነጭ ጋወኑን እንዳይነካበት ይጠነቀቃል፣ እህቲቱና ኮደሯ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ከላይ እንግዶች እየገቡ ነው» አለ ኃላፊው። «ሪፖርትዎን ነገ ቢጽፉት...»

«ለሪፖርቱ ነው የፈለግኋችሁ። እኔ ይህን ሥራ አላውቀውም፤ አስረዱኝ። በሰጠኋችሁ ወረቀቶች ላይ አንድ ዓይነት መስመር አለ። ኮድ ስጡልኝ። እርስዎ ከሁሉ ይበልጣሉና እርስዎን ነው የማምነው።»

ኃላፊው ደረቱን ነፋ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «ተመላላሽ ታካሚ። ትኩሳት። አጣዳፊ ሉኪሚያ ሳይሆን አይቀርም። ደም ይደገም።» እስክሪብቶውን አውጥቶ ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰ። እህቲቱ «እኔ ቁጥሩን ከየት አውቄ?» ብላ ባዶውን መለሰች። መርማሪዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ኮደሯ የትኩሳት ቁጥር ጽፈዋል። ሌላ ምንም የለም። ለምን?»

«ሳይሆን አይቀርም የተባለ በሽታ በተመላላሽ ታካሚ ላይ አይጻፍማ!» አለች ኮደሯ። «እስኪረጋገጥ ድረስ የታየው ምልክት ብቻ ነው። አለዚያ ሰውዬው ጤነኛ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ካንሰር እንዳለበት ተጽፎ ይኖራል።»

«ዶክተርም ‹ትኩሳት› ብለው ብቻ ጽፈዋል።»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያ ሽማግሌ መቶ ሃያ አራት ጊዜ ነግሮኛል። ባልፈልግም ገብቶኛል።»

«ኃላፊው ግን አጣዳፊ ሉኪሚያ ብለዋል። ነጥብ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በጋሽ ነጥብ ካርድ ላይ የተጻፈውም ቁርጥ ይኸው ነው።»

«ትክክል ስለሆነ ነዋ!» አለ ኃላፊው። «ደንብ ነው። የተጠረጠረ በሽታ እንደ ተረጋገጠ ይጻፋል። ተምሬዋለሁ!»

«ተኝቶ ለሚወጣ ታካሚ!» ጮኸች ኮደሯ። «እሱ እኮ በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሄደ ነው!»

 ባልዲው ውስጥ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል። መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ እንየው። ይህን የኮድ ወረቀት የጻፈው ሰው ቁጥሩን ያውቃል። ስለዚህ እህቲቱ አይደሉም። ደንቡን ግን አያውቅም። ስለዚህ ኮደሯም ሐኪሙም አይደሉም። ጋሽ ነጥብም ራሱ አይደለም። እሱ እንኳን የራሱን ካርድ፣ የእናቱንም ሳይከፍት ለጓደኛው የሚሰጥ ሰው ነበር። ማታ ለእህቱ ‹ያልተረጋገጠ ነገር አይጻፍም› ብሎ፣ ጠዋት ያልተረጋገጠውን በራሱ ላይ ጽፎ ሞተ? ነጥቡም ወረቀቱን አልበሳም። በዚህ ቤት ቁጥሩን እያወቀ ሥራውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ያ ሰው አንተ ነህ።»

እስካሁን እርስዎ ስትለው የቆየችውን ሰው አንተ ስትለው፣ ኃላፊው ከክሱ ይልቅ በዚህ የደነገጠ ይመስል ነበር።

«ይህ ውሃ የማያነሳ ነገር ነው! በአንድ ቁጥር ሰው ይወነጀላል?»

«በአንድ ቁጥርማ ሰው ልትገድል ነበር። ቆይ።» ከኪሷ ቢጫዋን ወረቀት አወጣች። «ሁለቱን ቅጂ አጥፍተሃል፤ ነጩን ለአንተ የተላከውን፣ ሰማያዊውን ከጥራዙ። ሦስተኛ መኖሩን አታውቅም፤ ምክንያቱም በሕይወትህ አንድ ጥያቄ ጽፈህ አታውቅም። ‹ለክፍሉ ኃላፊ። በሠላሳ ካርዶች ላይ የመጨረሻዋ ቁጥር ወደ አንድ ተለውጣለች፤ በሃያ ዘጠኙ ከዜሮ፣ በአንዱ ከሁለት፤ የተለወጠችውም በእርስዎ የይለፍ ቃል ነው። የአልጋ ስድስት መቅኔ አገርሽቷል ይላል፤ ኮዱ ጋብ ብሏል ይላል፤ ከዝርዝሩም ወጥታለች። እስከ ነገ ጠዋት ካላስተካከሉ በእንግዶቹ ፊት ካርዶቹን አንድ በአንድ አነባለሁ።›»

ሐኪሙ «ምን?» ብሎ ወደ ፊት ተራመደ።

«ተደውሎልኝ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ ብለኸኛል። የፋርማሲው መዝገብ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ የልብ ጠብታህን እንደወሰድህ ይናገራል። ያኔ ሰውዬው መሞቱን ያወቀ የለም። የወር ጠብታህን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወስደህ ነበር፤ ዛሬ ‹ጠፋብኝ› ብለሃል። አልጠፋም፤ ጽሑፉ ተልጦ መሳቢያው ውስጥ ነበር። እሱ ካርድ ሊሰበስብ ሲወጣ ቴርሞሱ ውስጥ ጨመርህ። ሲሞት ተመልሰህ መጣህ፤ የሞተ ሰው ጭንቅላት ቀና አድርገህ ካርዱን ከሥሩ ሸጎጥህ። መነጽሩ በአንድ ጆሮው የተንጠለጠለው ያኔ ነው።»

 የኃላፊው ፊት አመድ መስሏል፤ ቢሆንም አፉ አላረፈም።

«ቁጥር እኮ ነው!» አለ። «ቁጥር ብቻ! አለቆች ሪፖርቱ ይመር አሉ፤ አሳመርኩ። አንዲት ቁጥር በአንዲት ቁጥር ብትለወጥ ማን ይሞታል? ሁሉም ቦታ የሚደረግ ነው። እሱ ግን በሰው ፊት ሊያዋርደኝ! አንድ ቁጥር ለጣፊ፣ እኔን!»

«ስትለውጣት፣ የንቅለ ተከላው ዝርዝር ከዚያች ቁጥር ተለቅሞ እንደሚወጣ አታውቅም ነበር?»

ኃላፊው ክራባቱን ነካካ፤ ጋሽ ነጥብ እስኪጽፍለት ድረስ አያውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የመራው ክፍል ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር።

«እኔ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «በቅናት የገደለ፣ በቂም የገደለ። ሁሉም ቢያንስ የሚገድሉትን ሰው ያውቁት ነበር። አንተ አንዱን ገድለህ ሌላዋን ልትጨምር የነበረው ክራባትህ እንዳይጣመም ነው። ውሰዱት፤ በአዳራሹ በኩል። እንግዶቹም ይዩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። መርማሪዋ ቢጫዋን ወረቀት ሐኪሙ ፊት አስቀመጠች።

«ጥያቄው መልስ ይፈልጋል፣ ዶክተር። መቶ ሃያ አምስተኛው ነው። የሚያውቁትን ይጻፉ።»

ሐኪሙ ቆሞ ጻፈ። «አጣዳፊ ሉኪሚያ፤ ያገረሸ። በመቅኔ ምርመራ የተረጋገጠ።» ፈረመና ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከንፈሮቹ እየተንቀሳቀሱ ነበር። ከዚያ ኮደሯ ወንበሯን ስባ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ አንዷን ወደ ሁለት መለሰቻት። አዲሱ ዝርዝር ሲታተም አሥራ ሦስት ስም ነበረበት። ሐኪሙ ወረቀቱን ነጥቆ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ካርዶችም ከጠረጴዛው ጥግ ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የላብራቶሪው ባለሙያ በሩ ላይ ያገኘው ሦስት ሴቶችን ብቻ ነው። የያዘውን ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገባው፤ በመጨረሻ ለእህቲቱ ሰጣት። እህቲቱ መነጽር ስላልያዘች ለመርማሪዋ አቀበለቻት።

«ደሙ ደህና ነው» አለች መርማሪዋ። «ትንሽ ብረት ብቻ ነው ያነሰው። ካንሰር አልነበረበትም፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሲረጋገጥ።

ኮደሯ የጋሽ ነጥብን ካርድ ወደ ራሷ ሳበች። የሐሰቱን የኮድ ወረቀት ለምርመራው ሰጥታ አዲስ ወረቀት አያያዘች። ከላይ ከአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል፤ ለየትኛው ቁጥር እንደሚያጨበጭቡ የሚያውቁ አይመስሉም። ተመላላሽ ታካሚ፤ ሐኪሙ ያየው ምልክት፣ ድካም። ቁጥሩን ጻፈች፤ ነጥቡ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ተጫነችው።

መርማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ ወደ አልጋ ስድስት ወጣች፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።